የወረቀቱ ጀርባ

ባለፈው ክረምት እዚህ ዲክሲስ የወጣቶች ኅብረታችን የአዳራሹን የኋላ ግድግዳ የሚሸፍን አንድ ትልቅ ሥዕል ለመሥራት ተስማማ። ሐሳቡን ያመጣችው አንዲት እህታችን ናት። እያንዳንዱ ከቤቱ ያረጀ ወረቀት ያመጣል፤ የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ ከጦር ግንባር የተላከ ደብዳቤ። እነዚህ ከጆንያ ቁራጭ፣ ከገብስ አገዳና ከቀለም ጋር ተለጣጥፈው የወላጆቻችንን ዘመን የሚያሳዩ ይሆናሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ኮላጅ ይባላል። ሁላችንም ወደድነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ወንድማችን በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እጁን ግን ከላዩ አላነሣም። «የአባቴ ነው። አባቴ አሁን የለም። ብቆርጠው ኃጢአት ይሆንብኛል?» አለ። ማንን እንደጠየቀ ግልጽ አልነበረም። አስተማሪዋ እኔ ስለሆንሁ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «በሚቀጥለው ሳምንት እመልስልሃለሁ» አልሁት። ሳምንቱ ሲደርስ ያዘጋጀሁት መልስ ለራሴም አልበቃኝም። ስለዚህ ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ፤ ምክንያቱም የእያንዳንዳችሁ ቤት አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለው፤ በሳጥኑም ውስጥ አንድ ቀን የእናንተ የሚሆን ወረቀት አለ።

ኮላጅ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ መለጠፍ ማለት ነው። ቃሉ የሩቅ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጭቃ በተመረገ ቤት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። እናቶቻችን በዓል ሲደርስ የስንዴ ዱቄት በውኃ አፍልተው ሙጫ ይሠሩና ግድግዳውን በጋዜጣ ያለብሱት ነበር። የአምናው ካላንደር፣ ከመጽሔት የተቀደደ ሥዕል፣ የልጆች ደብተር ገጽ ሁሉ ጎን ለጎን ይለጠፋል። እኔ ትልልቅ ፊደላትን መጀመሪያ ያነበብሁት ከመኝታዬ ራስጌ ከነበረ የጋዜጣ ርዕስ ላይ ነው። ጋዜጣው ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ ለብዙ ጊዜ ማንበብ ማለት አንገትን አጣሞ ማየት ይመስለኝ ነበር።

በአውሮፓ ግን ነገሩ እንደ አዲስ የሥዕል መንገድ የተቆጠረው ፒካሶና ብራክ በ1912 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ወረቀት በሥዕላቸው ላይ መለጠፍ ሲጀምሩ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኩርት ሽቪተርስ የተባለ ጀርመናዊ የትራም ቲኬትና የዕቃ መጠቅለያ እየለቀመ ሥዕል አደረገው። የእኛዎቹም ወደ ኋላ አላሉም። ከመስከረም አሰግድ ጋር አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ ዞማ ሙዚየምን የመሠረተው ኤልያስ ስሜ አዝራር፣ ክርና የተጣለ የኮምፒውተር ክፍል ሰብስቦ ግድግዳ የሚያህል ሥራ ይሠራል። በአሜሪካ የምትኖረው ትውልደ ኢትዮጵያዊት ሔሊና መታፈሪያ የጥቁር ሴቶችን ትግል ከሚናገሩ የቆዩ መዛግብት ምስሎችን ወስዳ በሴቶች ራስ ላይ እንደ ዘውድ ትደረድራቸዋለች። ሠዓሊ ዳዊት አበበ ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተውን የቆሙ ትልልቅ ሰዎችን ይስላል፤ በሥዕሎቹም ውስጥ የቆዩ የታተሙ ጽሑፎች ገብተው ይታያሉ። ስለ ጀርባ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወንድማችን የጠየቀው በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ላይ የሚነሣ አይደለም። የአዝራር ባለቤት አይታወቅም። አዝራር ላይ ስም አልተጻፈበትም፤ ማንም ሰው አዝራሩ ለምን ተሰፋ ብሎ አይከፋም። የአባትህ ወረቀት ግን ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው፣ ምናልባትም የጣት አሻራ አለው። የጣት አሻራ ከሰው አካል የቀረ ምልክት ነው። ስለዚህ ጥያቄው የመቀስና የሙጫ ብቻ ሊሆን አይችልም። እናትና አባትን ስለማክበር የተሰጠን ትእዛዝ በቀብራቸው ቀን ያበቃል ወይስ እስከ ሳጥናቸው ድረስ ይከተለናል?

አስቀድሜ ለመቀሱ ልሟገትለት፤ ምክንያቱም «አትንኩት» ማለት ሁልጊዜ ቅዱስ መልስ ይመስለናል፣ ነገር ግን አይደለም። በሳጥን የተዘጋ ወረቀት እኮ እየዳነ አይደለም። የእኛን ደጋ ቤት አስቡት። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ወረቀቱን ያጠቁረዋል፤ ክረምት ያረጥበዋል፤ አይጥ ከዳር ጀምሮ ይበላዋል። ሐምራዊው የማኅተም ቀለም አንድ ጠብታ ውኃ ሲያገኝ ይሟሟል። የእስክሪብቶ ጽሑፍ ብርሃን ሲመታው እየደበዘዘ ይሄዳል። (እርሳስ ግን ይኖራል። ርካሹ እርሳስ ከሁሉም ይቆያል። ይህን አስታውሱ።) ጌታችን በምሳሌው መክሊቱን በመሬት የቀበረውን ሰው ሲወቅስ፣ ሰውየው ያቀረበው ምክንያት ፍርሃት ነበር። ብዙ ቤተሰብ አክብሮት የሚለው ነገር ይኸው ፍርሃት ነው። አያቱ ማን እንደነበሩ ሳያውቅ ያደገ ልጅ፣ የአያቱ ወረቀት ሳጥን ውስጥ በመቆለፉ ምን ተጠቀመ? ወረቀቱ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ቢታይ፣ ልጁ ቆሞ «ይህ ምንድነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እናቱም ብትነግረው፣ ያ ማክበር ነው።

ይህን ሙግት በደንብ የማውቀው እኔ ራሴ ስላቀረብሁት ነው። ያቀረብሁትም የሃያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ለራሴ ነው።

ኮሌጅ እያለሁ የሥዕል ትምህርት የሚወስዱ ጓደኞች ነበሩኝ፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ለመጨረሻው ሥራ «ቤተሰቤ» የሚል ርዕስ ተሰጠን። ለዕረፍት ወደ ዲክሲስ ስመጣ የአያቴን ሳጥን ከፈትሁ። አያቴ ማንበብ አይችሉም ነበር። ሳጥኑን ልክፈተው ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ክፈቺው ብለውኛል። ምን ላደርግ እንደሆነ ግን አልነገርኋቸውም። ስለዚህ ጠይቄ ነበር ብል ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከወረቀቶቹ ሁሉ ያማረው አንድ የማዳበሪያ ደረሰኝ ነበር፤ የ1966 ዓ.ም.። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ለአርሲ ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ደረሰኝ በብዙ ቤት ተቀምጧል። የአያቴ ባል ስም በካርቦን ሰማያዊ ተጽፏል፤ ከታች ክብ ማኅተም አለ፤ ጭሱ ወረቀቱን የማር ቀለም አስመስሎታል። እጥፋቱ መስቀለኛ ሆኖ በአራት ከፍሎታል። ከዚህ የተሻለ ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። ችፑድ ላይ መካከሉን ይዞ፣ ዙሪያውን የጆንያ ጨርቅና የስንዴ ዛላ አድርጌ፣ በነጩ የአናጢ ኮላ ለጠፍሁት። ከላዩ ቫርኒሽ ቀባሁት። ጥሩ ውጤት አገኘሁ፤ መምህሬ ለሌሎች ተማሪዎች አሳየው።

በሚቀጥለው ዕረፍት ሥዕሉን ይዤ መጣሁ። ለስጦታ ነበር ያመጣሁት። አያቴ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በጣታቸው ዳሰሱት። ጆንያውን አወቁት፤ ስንዴውን አወቁት፤ ሳቁ። ከዚያ ጣታቸው መካከል ላይ ደረሰና ቆመ። ቫርኒሹ ስላለሰለሰው ወዲያው አልለዩትም። መስቀለኛው እጥፋት ነው የነገራቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጀርባውንስ አየሽው?»

አላየሁትም ነበር። ማለቴ፣ አይቼዋለሁ፤ በእርሳስ የተጫረ ነገር እንዳለበት አስተውዬ ነበር። ጭረት ነው ብዬ አለፍሁት። የምፈልገው ማኅተሙን ነበር።

ታሪኩን ያን ቀን ነገሩኝ። በ1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ታውጆ ጭሰኝነት ሲቀር፣ በእድገት በኅብረት ዘመቻ የመጡ ተማሪዎች ለአያቴ ባል ፊደል አስቆጠሯቸው። ሰውየው ጎልማሳ ነበሩ፤ ፊደላቸው እንደ ሕፃን ፊደል ትልልቅ ነበር አሉኝ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በገባ ጊዜ ለሚሊሺያ ተመዘገቡና ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ሌሊት፣ በቤት የተገኘውን ብቸኛ ወረቀት ገልብጠው፣ ለሚስታቸው ጻፉ። ለማንበብ የማትችል ሚስት። ማን ምን እንዳለበት፣ እሳቸውም የማን ዕዳ እንዳለባቸው፣ የትኛው በሬ እንዳይሸጥ፤ ከዚያም በመጨረሻ ለእሷ ብቻ የሆነ ነገር። አልተመለሱም። አያቴ በየዓመቱ አንድ ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ጠርተው፣ ቆሎ ሰጥተው፣ ወረቀቱን ያስነብቡ ነበር። ልጁ ሲያድግ ሌላ ልጅ ይጠራሉ። እኔ ማንበብ ከቻልሁ በኋላ ለምን እኔን እንዳልጠሩኝ ጠይቄያቸው ነበር። «አንቺማ የልጁ ልጅ ነሽ፤ አፍሬ ነው» አሉኝ። የመጨረሻው መስመር የባልና የሚስት ነበረና።

ላነሣው ሞከርሁ። በእንፋሎት፣ በለብ ያለ ውኃ፣ በምላጭ። የአናጢ ኮላ ከደረቀ በኋላ አይለቅም። ወረቀቱ ሽፋን ሽፋኑን ተላጠ፤ ማኅተሙም ጠፋ፤ ጀርባውም ችፑዱ ላይ ቀረ። ያተረፍሁት ሦስት አራት ፊደል ነው። በፓሪስ የሚገኝ አንድ ጥንታዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ብራና አለ፤ በ5ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ነው፤ በ12ኛው መቶ ዘመን ሰዎች ጽሑፉን ፍቀው የኤፍሬም ሶርያዊን ስብከቶች ጻፉበት። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቲሸንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የተፋቀውን ከሥሩ አነበበው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ቀናሁ። ፋቂዎቹ ከእኔ ይሻላሉ፤ ቢያንስ ሙጫ አልቀቡበትም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ጥፋቴ የት ላይ ነበር? መቁረጤ አይመስለኝም፤ እንዲያውም አልቆረጥሁትም። ወረቀቱን ውብ ማድረጌም አይደለም። ጥፋቴ ወረቀት ሁለት ገጽ እንዳለው መርሳቴ ነው። ኮላጅ ምንጊዜም አንዱን ገጽ ይመርጣል፤ ሌላውን ለግድግዳው ይሰጠዋል። መምረጥም የሚችለው ሁለቱንም ያነበበ ነው። እኔ ግን የመረጥሁት በዓይኔ ነበር፤ ዓይኔ የወደደው ደግሞ እርጅናውን ነው። ጭሱን፣ እጥፋቱን፣ የደበዘዘውን ማኅተም። እስቲ አስቡት፤ እርጅናውን ማን ከፈለበት? መስቀለኛው እጥፋት የመጣው ያች ሴት በየዓመቱ ስለከፈተችውና ስላጠፈችው ነው። የሌላውን ሰው ኀዘን እንደ ጥሩ ቀለም ተጠቀምሁበት።

በኤርምያስ መጽሐፍ ምዕራፍ 36 ላይ ንጉሥ ኢዮአቄም አለ። የተነበበለትን ክርታስ በብርዕ መቁረጫ እየቆራረጠ ምድጃው ውስጥ ጣለው። በመቀስ ለምንሠራ ሰዎች የሚያስደነግጥ ሥዕል ነው። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 32 ላይ ደግሞ ነቢዩ የገዛውን መሬት ውል ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ያስቀምጠዋል፤ ከተማዋ ተከብባ፣ መሬቱ ዋጋ ባጣበት ሰዓት። አንዱ ወረቀት ያጠፋል፤ ሌላው ያቆያል። ግን ልብ በሉ፤ ልዩነቱ በቢላዋና በሸክላው አይደለም። ንጉሡ የቆረጠው ቃሉ እንዳይሰማ ነው። ሸክላውም ቢሆን የሚጠቅመው አንድ ቀን የሚከፈት ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ መቀስ ያነሣችሁ ቀን ራሳችሁን ብትጠይቁ የምመርጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ ይህ ሰው ይበልጥ ይነበባል ወይስ ያንሳል? የእኔ ሥዕል ብዙ ሰው አየው፤ አያቴን ግን ማንም ዳግመኛ አላነበበላቸውም።

አይሁድ የእግዚአብሔር ስም ያለበት ወረቀት ሲያረጅ አይጥሉትም፤ ያስቀምጡታል። በካይሮ የቤን ዕዝራ ምኵራብ አንድ ክፍል ውስጥ እንዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት ተከማችቶ፣ በ1896 (እ.ኤ.አ.) ሰሎሞን ሼክተር የተባለ መምህር መርምሮ ወደ ካምብሪጅ ወደ 200,000 የሚጠጋ ቁራጭ ወሰደ። ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የነጋዴ ሒሳብ፣ የጋብቻ ውል፣ ሕፃናት ፊደል የተለማመዱበት ገጽ ተገኘ። ብዙው ወረቀት በጀርባውም ተጽፎበታል፤ ወረቀት ውድ ነበርና። ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬ ስለዚያ ዘመን ተራ ሕዝብ የሚያውቁት ብዙ ነገር ከዚያ ክፍል የመጣ ነው። በእኛ አገር በተቃራኒው ከብራና መጽሐፍ ቅጠል ተቆርጦ፣ በጽሑፉ ላይ አዲስ ሥዕል ተስሎበት ለቱሪስት የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ያም ቅይጥ ጥበብ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ነው እንግዲህ።

«ታዲያ ፎቶ ኮፒ እናድርገውና ኮፒውን እንቁረጥ» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምለውም ይህንኑ ነው። ስልክ ያለው ሁሉ ከመቁረጡ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ ያንሣ። ግን ቅጂ ሁሉን አይፈታም። ቅጂ የጭስ ሽታ የለውም። አያቴ ያወቁት በጣታቸው ነው። ሠዓሊ ዋናውን የሚፈልገው በስስት ብቻ አይደለም፤ ዋናው ወረቀት ያንን ሰው ነክቷል። ባለቤቱ በሕይወት ካለና ምን እንደሚሆን አውቆ ከሰጣችሁ ተቀበሉት፤ መስጠቱ ራሱ ከሥዕሉ ይበልጣል። ባለቤቱ ከሞተ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ወረቀት አንድ ባለቤት ብቻ የለውም። ያስቀመጠው አለ፣ የጻፈው አለ፣ ስሙ የተጻፈበትም አለ።

ወንድማችን በሦስተኛው ቅዳሜ ፌስታሉን ፈታው። የብድር ውል ነበር፤ ሁለት ኩንታል ስንዴ። ከታች ሦስት የጣት አሻራ፤ የአባቱ፣ የተበዳሪውና የምስክሩ። አባትየው ዕዳውን ጠይቀው አያውቁም፤ ወረቀቱን ግን አልቀደዱትም። የተበዳሪው የልጅ ልጆች በኳየራችን ይዘምራሉ። ጠረጴዛው ዙሪያ ዝም ተባለ። አንዱ ጐበዝ ታዲያ ቆላስይስ 2ን ጠቀሰብኝ፤ የዕዳችን ጽሕፈት በመስቀል ላይ ተቸንክሮ ለሁሉ ታይቶ የለም ወይ አለኝ። ወድጄለታለሁ፤ አሁንም እወድለታለሁ። የመጣልኝ መልስ ግን ይህ ነበር፤ ያንን የዕዳ ጽሕፈት የቸነከረው የከፈለው ራሱ ነው። የሌላውን ዕዳ በአደባባይ መስቀል የሚችል ዕዳውን በራሱ ላይ የወሰደ ብቻ ነው። እኛ ምን ከፍለናል?

ወንድማችን ውሉን ይዞ ወደ ተበዳሪው ባለቤት ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድሁ። እማማ ሸምግለዋል። ምን እንደሆነ ሲነገራቸው ወረቀቱን ተቀብለው የባላቸውን አሻራ ጠየቁ፤ አሳየናቸው። አውራ ጣታቸውን ላዩ ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ምድጃው ውስጥ ከተቱት። «አባትህን ነፍሱን ይማር፤ ቡና ጠጡ» አሉን። እኔ እንደ ኢዮአቄም ሆኑ ብዬ ልፈርድ አልቻልሁም። ለአንዳንድ ወረቀት እሳትም ተገቢ ቦታ ነው፤ ማቃጠል የሚገባውም ሰው አለ። ወንድማችን በመንገድ ላይ ብዙ አልተናገረም። የአባቱን አሻራ አጥቷል እኮ፤ ፎቶም አላነሣም ነበር።

ሥዕሉ አሁን አልቋል። የአናጢ ኮላ አልተጠቀምንም። ሙጫውን እናቶች እንደሚሠሩት ከስንዴ ሠራነው፤ በውኃ ይለቃል። (የጥንት ወረቀት የሚጠግኑ ባለሙያዎችም የስንዴ ሙጫ እንደሚጠቀሙ በኋላ ሳነብ፣ የስንዴ አገር ሰው በመሆኔ ትንሽ ኮራሁ።) ወረቀቶቹን ሙሉ በሙሉ አላጣበቅናቸውም። ከላይ ጠርዛቸው ላይ ብቻ በቀጭን ወረቀት ያዝናቸው፤ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠላሉ። የፈለገ ሰው በጣቱ ገልጦ ጀርባውን ያነባል። በቀኝ በኩል፣ የአንድ የብድር ውል ስፋት ያህል፣ ባዶ ችፑድ ይታያል። ወንድማችን ቀለም እንዳይቀባ ለመነ።

አያቴ ይህን ሳያዩ ዐርፈዋል። ከመሞታቸው በፊት የጀርባውን ቃል በአፋቸው አስጻፉኝ፤ ሁለት ጊዜ አስጻፉኝ፤ ሁለቱ አንድ አልሆኑም። የትኛው የአያቴ ባል ቃል እንደሆነ፣ የትኛው የአርባ ዓመት ትዝታ እንደሆነ መለየት አልችልም። ሁለቱንም በእርሳስ ጽፌ አስቀምጫለሁ። የመጨረሻውን መስመር እዚህ አልጽፍላችሁም።

እሑድ እሑድ ከጉባኤ በኋላ ሽማግሌዎች ወደ ኋላው ግድግዳ ይሄዳሉ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ይገልጣሉ፤ ማንበብ የማይችሉት የሚያነብላቸው ልጅ ይጠራሉ። ጠርዞቹ ከአሁኑ በእጅ ወዝ መጥቆር ጀምረዋል። ከአገልጋዮች አንዱ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ እንድለጥፍ ጠይቆኛል። እስካሁን አልለጠፍሁም።